የበገናው መፍረስና የሥዕሉ መትረፍ

የኪነ ጥበብን ሥራ የሚመረምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ሥራው ምን ይላል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው እንዴት ተሠራ የሚለው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ለግምጃ ቤት ጸሓፊና ለሒሳብ ሹም የተተወ ይመስል በሒስ ገጾች ላይ እምብዛም አይታይም። ይኸውም ሥራውን ማን አኖረው? ለማኖሪያውስ ማን ከፈለ? የሚለው ነው። እኛ ግን ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለቱ የማይለይ፣ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የሚቀድማቸው መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንወዳለን። የጠፋ ሥራ ምን ይል እንደ ነበረ መመርመር የሚቻለው በወሬና በፎቶግራፍ ብቻ ነውና።

ለዚህም ምሳሌ የምናደርጋቸው በአሜሪካ አገር በአንድ ዓመት፣ በ1939፣ ለሕዝብ የቀረቡ ሁለት የጥቁር አሜሪካውያን ሥራዎች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አንደኛው በኒውዮርክ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ የቆመው፣ ቀራፂዋ ኦገስታ ሳቬጅ የሠራችው «በገና» ነው። ሁለተኛው በቺካጎ ከተማ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ በተደረገ የጭፈራ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጠው፣ የሠዓሊው የቻርልስ ኋይት «አምስት ታላላቅ ጥቁር አሜሪካውያን» የተባለው ሰፊ ሥዕል ነው። የመጀመሪያው ትርኢቱ ሲዘጋ ፈረሰ። ሁለተኛው ዛሬም አለ። የሁለቱ ዕድል መለያየት ከጥበባቸው መብለጥና ማነስ የመጣ አይደለም። ከምን እንደ መጣ መመልከት ለሥነ ጥበብ ወዳጆች ሁሉ የሚጠቅም ይመስለናል።

ኦገስታ ሳቬጅ በ1892 በፍሎሪዳ ተወለደች። ከልጅነትዋ ጀምሮ ከሸክላ አፈር እንስሳትን መሥራት ትወድ ስለ ነበረ፣ ሰባኪ የነበረው አባትዋ ነገሩን እንደ ጣዖት ሥራ ቈጥሮ ይቀጣት እንደ ነበር ይነገራል። አድጋ ወደ ኒውዮርክ መጥታ ትምህርትዋን በፈጸመች ጊዜ፣ በ1923 በፈረንሳይ አገር በፎንተንብሎ ወደሚሰጠው የበጋ ትምህርት ለመሄድ አመለከተች። ነገር ግን ጥቁር በመሆንዋ ብቻ ሳትቀበል ቀረች። እርስዋም ዝም አላለችም፤ ጉዳዩን በጋዜጣ ገለጠች። በኋላም በሐርለም ሰፈር ብዙ ወጣቶችን እያስተማረች፣ በ1937 ለተከፈተው የሐርለም ማኅበረሰብ የኪነ ጥበብ ማዕከል የመጀመሪያዋ ዲሬክተር ሆነች። ከዚህም ሥራዋ ላይ ሳለች ነው ለዓለም ትርኢቱ ሐውልት እንድትሠራ የተጠየቀችው።

ለሐውልቱ መሠረት እንዲሆን የመረጠችው፣ ጄምስ ዌልደን ጆንሰን ግጥሙን፣ ወንድሙ ሮዛመንድ ጆንሰን ዜማውን የደረሱትንና ጥቁር አሜሪካውያን እንደ ራሳቸው ብሔራዊ መዝሙር የሚያከብሩትን መዝሙር ነበር። በገና ስንል አንባቢያችን በአሥር አውታር የሚደረደረውን የአገራችንን በገና ማሰቡ አይቀርም። ይህኛው ግን አውታሩ ከረጅሙ ጀምሮ እያጠረ የሚሄደው የፈረንጆቹ በገና ነው። ሳቬጅ በአውታሮቹ ፈንታ አሥራ ሁለት ጥቁር ዘማሪዎችን ከረጅሙ ወደ አጭሩ በተርታ አቆመች። የልብሳቸው እጥፋት ቀጥ ብሎ ሲወርድ የተወጠረ አውታር ይመስላል። ከበታቻቸው ደግሞ የእግዚአብሔር ክንድና እጅ ተዘርግቶ፣ የበገናው ድምፅ ማስተጋቢያ ሆኖ ሁሉንም ይደግፋል። ከፊት አንድ ወጣት ተንበርክኮ ዜማውን እንደ መባ ያቀርባል። የሐውልቱ ቁመት 16 ጫማ፣ ማለት 5 ሜትር ያህል ነበር።

የዚህን ሥራ ፎቶግራፍ ስንመለከት በመጀመሪያ የሚገርመን፣ በድንጋይና በአፈር ሊገለጥ የማይችለውን ነገር፣ ማለት ድምፅን፣ ለዓይን ማቅረብዋ ነው። ሁለተኛም በአሥራ ሁለቱ መካከል አለቃ የሚሆን አንድም ሰው የለም። አንዱ አውታር ለብቻው ቢመታ ድምፅ ይሰጥ ይሆናል፤ ዜማ ግን አይሆንም። ምናልባት ምሳሌው እጅግ ግልጽ ነው፤ ለተመልካቹ የሚተወው ነገር ጥቂት ነው የሚል ሐያሲ ይኖር ይሆናል። ይህን ነቀፋ ፈጽመን አንክድም። ነገር ግን ለብዙ ሕዝብ በአደባባይ የሚቆም ሐውልት ከአዳራሽ ውስጥ ሥዕል ይልቅ ግልጽ መሆን እንደሚገባው ማሰብ ያስፈልጋል። መዝሙርም ቢሆን ሕዝብ ሁሉ የሚዘምረው ቃሉ ሲገባው ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ የተሠራው ከጄሶ ነበር። በላዩ ቀለም ተቀብቶ ጥቁር ድንጋይ እንዲመስል ተደረገ እንጂ ድንጋይ አልነበረም። ጄሶ ደግሞ የመሸጋገሪያ ነገር ነው። ቀራፂ በጄሶ የሚሠራው በኋላ በነሐስ አስፈስሶ ለዘለዓለም ለማኖር ነው። ትርኢቱ በ1940 ሲዘጋ ግን በነሐስ ለማስፈሰስ ቀርቶ፣ ሐውልቱን አንሥቶ በመጋዘን ለማስቀመጥ እንኳ የሚበቃ ገንዘብ አልተገኘም። ስለዚህ ከትርኢቱ ሕንጻዎች ጋር ፈረሰ። ዛሬ የቀሩት ፎቶግራፎች፣ ፖስት ካርዶችና ለማስታወሻ ይሸጡ የነበሩ ትንንሽ ቅጅዎች ናቸው። ሳቬጅም በ1962 ስታርፍ ትልቁን ሥራዋን ለትውልድ ሳታስረክብ ነው።

ክቡራን አንባቢያን ይህን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። በገናውን ሕዝብ አልናቀውም። በትርኢቱ ላይ ያየው ሁሉ አድንቆታል፤ ቅጅውን ገዝቷል፤ ካርዱን ለወዳጁ ልኳል። የጎደለው አድናቆት አልነበረም። የጎደለው ከአድናቆቱ በፊት የቆመ ቤት፣ «ይህ የእኛ ነውና እኛ እናኑረው» ብሎ ሣጥን የከፈተ ማኅበር ነበር። አድናቂዎቹ በየአቅጣጫው የመጡ መንገደኞች ስለ ነበሩ፣ በመጡበት መንገድ ተበተኑ። ሐውልቱም ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ሜዳ ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ቺካጎ እንሻገር። ነገሩ እዚያ የተጀመረው ከሥራው ሳይሆን ከቤቱ ነበርና።

በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር ታላቅ የኢኮኖሚ ችግር ደርሶ ብዙ ሕዝብ ሥራ ፈትቶ በነበረበት ጊዜ፣ መንግሥት ለሠዓሊዎችና ለቀራፂዎች ጭምር ሥራ የሚሰጥ ድርጅት በ1935 አቋቋመ። ከዚህም ድርጅት ሥራዎች አንዱ በየከተማው ሕዝብ የሚማርባቸውን የኪነ ጥበብ ማዕከሎች መክፈት ነበር፤ ቍጥራቸውም ከ100 በላይ ደርሶ ነበር። ታዲያ የስምምነቱ ደንብ መንግሥቱ የመምህራኑንና የሠራተኞቹን ደመወዝ ይክፈል፤ ቤቱንና መሣሪያውን ግን የአገሩ ሕዝብ ያቅርብ የሚል ነበር። በደቡብ ቺካጎ ለሚኖሩት ጥቁሮች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አብዛኞቹ ከደቡብ ክፍለ አገሮች መከራ ሸሽተው የመጡ፣ በጥቂት ጎዳናዎች መካከል ተጨናንቀው እንዲኖሩ የተገደዱና ደመወዛቸው ለቤት ኪራይ የማይተርፍ ሰዎች ነበሩ።

ቢሆንም ከ1938 ጀምሮ ሠዓሊዎች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎችና የሴቶች ማኅበራት ተሰብስበው መምከር ጀመሩ። ገንዘቡን ለማግኘት ከታሰቡት ዘዴዎች ሁለቱን እንጠቅሳለን። አንደኛው «የአንድ ማይል ዳይም» ይባል ነበር። ዳይም የዶላር አንድ ዐሥረኛ የሆነች ትንሽ ሳንቲም ናት። ሐሳቡም ሳንቲሞቹ በተርታ ቢደረደሩ አንድ ማይል ርቀት እስኪሞሉ ድረስ ከመንገደኛው ሁሉ መሰብሰብ ነበር። በዚያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረችው ሠዓሊና መምህርት ማርጋሬት ቡሮውዝ፣ ከ39ኛው መንገድና ከሳውዝ ፓርክዌይ መገናኛ ላይ ቆርቆሮ ይዛ ቆማ ትለምን ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እኛው እንሥራው። የዳይም ስፋት ከ18 ሚሊሜትር ጥቂት ያንሳል። አንድ ማይል 1609 ሜትር ስለ ሆነ፣ መስመሩን ለመሙላት 90 ሺህ ያህል ሳንቲሞች ያስፈልጋሉ፤ ይህም 9 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ዘጠኝ ሺህ ዶላር አንድ ባለጸጋ በአንድ ቼክ ሊሰጠው የሚችል ገንዘብ ነው። ቼኩ ቤቱን በእርግጥ ይገዛል። ነገር ግን 90 ሺህ ጊዜ የተዘረጋን እጅ ሊገዛ አይችልም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ ትርጓሜው ይሰፋል። ሎሚውን የያዘው ሰው ሁሉ ጌጡን ከማግኘቱ በላይ በጌጡ ላይ ሥልጣን ያገኛልና። ዳይሙን የጣለ የፋብሪካ ሠራተኛ ወይም የሰው ቤት አገልጋይ፣ በኋላ በዚያ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ «ከዚህ ግድግዳ አንዱ ጡብ የእኔ ነው» ለማለት ይችላል። ያ ሰው ወደ ውስጥ ገብቶ ሥዕሉን ለማየት፣ አይቶም «ይህ መልካም ነው፣ ያ ግን አይደለም» ለማለት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ዘዴ «የሠዓሊዎችና የሞዴሎች የጭፈራ ምሽት» የተባለው፣ በጥቅምት 1939 ሳቮይ በተባለው አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው ግብዣ ነው። ይህኛው ደግሞ ኑሯቸው የተሻለውን ጥቁሮች ለመሳብ የታሰበ ነበር። እንግዲህ የቻርልስ ኋይት ሥዕል ለሕዝብ የቀረበው በዚህ ምሽት ነው።

ኋይት በ1918 በቺካጎ ተወለደ። እናቱ በሰው ቤት በማገልገል ያሳደገችው ድኻ ልጅ ነበር። በትምህርት ቤት ሳለ በቤተ መጻሕፍት ያገኛቸውን የጥቁሮች ታሪክና የሥነ ጽሑፍ መጻሕፍት አንብቦ፣ የትምህርት ቤቱ የታሪክ መጽሐፍ ስለ እነዚህ ሰዎች ለምን ዝም እንዳለ መምህሩን ቢጠይቅ፣ ያገኘው መልስ ተግሣጽ ነበር። ሥዕሉን ሲሠራ 21 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ይህ ሥራ አንድ ተማሪ ላልተመለሰለት ጥያቄ ራሱ የሰጠው መልስ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በሥዕሉ ላይ የሚገቡትን አምስት ሰዎች የመረጠው ግን ኋይት ብቻውን አይደለም። ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው፣ በ1905 የተመሠረተው የጥቁሮች ጋዜጣ አንባቢዎች ድምፅ ሰጥተውበታል። የተመረጡትም ከባርነት ወጥታ ስለ ነጻነት የሰበከችው ሶጆርነር ትሩዝ፣ የባርነትን ክፋት በብዕሩና በንግግሩ ያጋለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ፣ የተስኪጊን ትምህርት ቤት የመሠረተው ቡከር ዋሽንግተን፣ የእርሻው ሊቅ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርና ዘፋኝዋ ማሪያን አንደርሰን ነበሩ። ማሪያን አንደርሰን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በዋሽንግተን ከተማ በአንድ አዳራሽ እንዳትዘፍን በቀለምዋ ምክንያት ስለ ተከለከለች፣ በሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆማ ወደ 75 ሺህ ለሚጠጋ ሕዝብ የዘፈነች ናት።

በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ርእስ ለሠዓሊ አደጋ አለው። አምስት ስሞች የተሰጡት ሰው አምስት መልኮች ሥሎ፣ ከየሥራቸው ስማቸውን ጽፎ ሊያስረክብ ይችላል። እንዲህ ያለው ሥራ ለግድግዳ መሸፈኛ ከመሆን አያልፍም። ኋይት ግን እንዲህ አላደረገም። አምስቱን ሰዎች ስማቸው ባልተመረጠ ብዙ ሰዎች መካከል አስገባቸው። ሶጆርነር ትሩዝ ብቻዋን አልቆመችም፤ ሕዝብ አስከትላ ትመራለች። ዋሽንግተን በአትሮንሱ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ የሚሰሙትም አሉ። ዳግላስ የደከመ ወንድሙን ደግፎ ይዟል። ካርቨር በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሷል። አንደርሰን በድምፅ ማጉያ ፊት ትዘፍናለች። በሥዕሉ ውስጥ የእጆች ትልቅነት ዓይን ይስባል። የሠዓሊው ሐሳብ ታላቅነት ማለት በእጅ የሚሠራ ነገር መሆኑን ለማሳየት ይመስለናል። ጋዜጣው የጠየቀው «ታላላቆቻችን እነማን ናቸው?» ብሎ ነበር። ኋይት የመለሰው ግን «ታላላቆቻችሁ ከእናንተ መካከል ናቸው» ብሎ ነው።

ከነቀፋ ነጻ ነው አንልም። ሸራው 4 ሜትር ያህል ርዝመት ቢኖረውም፣ አካላቱ እርስ በርሳቸው ስለ ተጨናነቁ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ደግሞም እያንዳንዱ ታላቅ ሰው በሚታወቅበት በአንድ ሥራው ላይ ብቻ ስለሚታይ፣ ሰውነቱ ከምልክትነቱ በታች ይሆናል። የካርቨር ማይክሮስኮፕ ቢወሰድበት ካርቨርነቱን የሚያስታውቅ ነገር ጥቂት ነው። ኋይት ይህን ጉድለት በኋለኞቹ ዓመታት በከሰልና በቀለም በሠራቸው ታላላቅ ንድፎች አሸንፎታል። በእነዚያ ውስጥ አንድ ስም የሌላት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ፣ በእጅዋ ምንም ምልክት ሳትይዝ፣ የአንድ ሕዝብን ታሪክ በፊትዋ ትናገራለች። ሆኖም የ1939ኙ ሥዕል የመጀመሪያው እርምጃ ነው። የመጀመሪያውንም እርምጃ የተራመደው ሕዝብ በሰጠው ርእስ ላይ፣ ሕዝብ ገንዘብ ባዋጣበት ምሽት ነው። ሥዕሉ በኋላ በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እጅ ገብቶ ተጠብቋል። ይህም የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ለብዙ ዓመታት ሥዕል ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆነ፣ ለኢትዮጵያ ሠዓሊዎች እንግዳ ቤት አይደለም።

ቤቱስ ምን ሆነ? በሳውዝ ሚሺጋን ጎዳና በቍጥር 3831 የሚገኝ፣ በ1892 ለአንድ የእህል ነጋዴ የተሠራ ትልቅ መኖሪያ ቤት ተገዛ። ውስጡም ታድሶ፣ የማሳያው ክፍል ግድግዳ በእንጨት ሳንቃ ተለብጦ፣ በታኅሣሥ ወር 1940 ሥራ ጀመረ። በግንቦት 7 ቀን 1941 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኖር ሩዝቬልት ተገኝተው መረቁት። እኒህ ወይዘሮ ማሪያን አንደርሰን አዳራሹን በተከለከለች ጊዜ፣ ከከለከለው ማኅበር አባልነት ራሳቸውን በፈቃዳቸው ያወጡ ናቸው። ስለዚህ ምረቃው ለሥርዓት ብቻ የተደረገ አልነበረም።

የሕዝብ መዋጮ አንድ ትልቅ ድካም እንዳለው ከዚህ በፊት በሥዕሉ ላይ አይተናል። ድምፅ የሚሰጥ ሕዝብ የሚመርጠው አስቀድሞ የሚወደውን ነው። ገና ያልታወቀውን፣ ምናልባትም ደስ የማያሰኘውን፣ ማን ይምረጥለት? የቺካጎው ቤት ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ በሥዕል ምርጫ ሳይሆን በር በመክፈት ነበር። በ1941 ኢኔዝ ከኒንግሃም ስታርክ የተባለች ሴት በዚያ ቤት የግጥም ትምህርት ስትሰጥ፣ ከተማሪዎቹ አንዷ ግዌንዶሊን ብሩክስ ነበረች። ብሩክስ በ1945 የመጀመሪያ መጽሐፍዋን አሳተመች፤ በ1950ም የፑሊትዘርን ሽልማት በማግኘት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያው ቤት ምድር ቤት በነበረው የፎቶግራፍ ማጠቢያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይሠራ የነበረው ወጣት ጎርደን ፓርክስ ነበር። በ1942 የሮዘንዋልድን የትምህርት ድጎማ አግኝቶ ከቺካጎ ወጣ፤ በኋላም ከአሜሪካ ታላላቅ ፎቶግራፍ አንሺዎች አንዱ ሆነ። ዳይሙን ቆርቆሮ ውስጥ የጣለው መንገደኛ የብሩክስንም ሆነ የፓርክስን ስም አያውቅም ነበር። ሊያውቅም አይገባውም ነበር። እርሱ የገዛው ያልታወቀው ሰው የሚታወቅበትን ክፍል ነው።

ከዚህ በኋላ ፈተናው መጣ። ጦርነቱ ሲበረታ መንግሥቱ ለኪነ ጥበብ ይከፍል የነበረውን ገንዘብ አቆመ፤ ድርጅቱም በ1943 ተዘጋ። ኦገስታ ሳቬጅ የመራችው የሐርለም ማዕከል በዚህ ጊዜ ጠፋ። ከመላው አገር ማዕከሎችም አብዛኞቹ እንዲሁ ተዘጉ። የደቡብ ቺካጎው ግን አልተዘጋም። ቤቱ የመንግሥት ኪራይ ሳይሆን የሕዝብ ንብረት ስለ ነበረ፣ ደመወዝ ሲቆም በፈቃድ አገልጋዮች ተያዘ። ብዙ የችግር ዓመታት አሳልፎ፣ በ1994 የቺካጎ ከተማ ታሪካዊ ሕንጻ ተባለ፤ በ2018ም በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። በእንጨቱ ግድግዳ ላይ የሥዕል ማንጠልጠያ ሚስማሮች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የበሱት ቀዳዳ አልተደፈነም። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ሥዕል ተሰቅሎ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ይህን ስንል ነገሩን በማር ለመቀባት አይደለም። የጋራ ቤት የጋራ ጠብም አለው። በግብዣው ምሽት ብዙ የከፈሉት ቤቱ የክብራቸው ማሳያ እንዲሆን፣ ሠዓሊዎቹ ደግሞ የሥራቸው ቦታ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ አገር የኮሙኒስት ጥርጣሬ በተስፋፋ ጊዜም፣ ቤቱን ካቆሙት ሠዓሊዎች አንዳንዶቹ ከቤቱ ራቁ። ማርጋሬት ቡሮውዝ ግን ተስፋ አልቈረጠችም። በ1961 ከባለቤትዋ ከቻርልስ ቡሮውዝ ጋር፣ ከማዕከሉ ፊት ለፊት ባለው በገዛ መኖሪያ ቤትዋ ውስጥ የጥቁሮችን ታሪክና ኪነ ጥበብ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ከፈተች። ይህም በ1968 የዱሳብል ቤተ መዘክር ተብሎ ተሰየመ፤ በ1973ም ወደ ሰፊ ሕንጻ ተዛወረ። እርስዋም በ2010 እስክታርፍ ድረስ የዚያ ሥራ እናት ሆና ኖረች። በቆርቆሮ ሳንቲም መሰብሰብ የተማረ ሰው ሁለተኛውን ቤት ለመጀመር የሹመት ደብዳቤ እንደማይጠብቅ ከዚህ እንማራለን።

ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል ከቅርቡ ዘመን አንድ ምሳሌ እንጨምር። በሰሜን ካሮላይና በትራየን ከተማ፣ ዘፋኝዋ ኒና ሲሞን በ1933 የተወለደችበት ባለ ሦስት ክፍል የእንጨት ቤት አለ። ቤቱ ሊፈርስ በተቃረበ ጊዜ፣ በ2017 አራት ጥቁር ሠዓሊዎች ገንዘብ አዋጥተው በ95 ሺህ ዶላር ገዙት። ከአራቱ አንዷ በ1970 በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ2023ም ሠዓሊዎች የሥራቸውን ፍሬ ለጨረታ ሰጥተው፣ ለቤቱ እድሳት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ነገር ግን ሐያሲ የሆነ ሰው ሒሳቡን ሲያነብ የገንዘቡን ብዛት ብቻ ሳይሆን የእጆቹንም ቍጥር ይጠይቃል። አምስት ሚሊዮኑን የሰጡት በኒውዮርክ የተሰበሰቡ ጥቂት ባለጸጎች ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ መዋጮ ነበር። ኒና ሲሞን ገና ልጅ ሳለች፣ የፒያኖ መምህርትዋ በስምዋ ሣጥን አቋቁማ፣ የትራየን ሕዝብ ጥቁሩም ነጩም ለትምህርትዋ ገንዘብ አዋጥቷል። ልጅቱም በምላሹ ለሰጪዎቹ ፒያኖ ትጫወት ነበር። ያ ትንሽ ሣጥን ሠሪዋን ሠራ፤ ትልቁ ሣጥን ቤትዋን አዳነ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቤቱ ግን የታደሰ ዛኒጋባ ሆኖ እንዳይቀር፣ የመጀመሪያው ሣጥን፣ ማለት የሰፈሩ ሰው ሳንቲምና የሰፈሩ ሰው ጆሮ፣ ሳይዘጋ መኖር ይገባዋል።

እንግዲህ ከተነሣንበት እንመለስ። በገናው ድንቅ ሥራ ነበር፤ ፈረሰ። ሥዕሉ ጉድለት ያለው የወጣት ሥራ ነበር፤ ተረፈ። ይህን አይቶ ዕድል ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኛ ግን ዕድል አንለውም። በገናው የቆመው ባለቤቱ ባልታወቀ ሜዳ ላይ ነው፤ ሥዕሉ የተገለጠው «የእኛ ነው» በሚሉ ሰዎች መካከል ነው። የአንድን ሕዝብ ቅርስ የሚያኖረው የባለጸጋ ቸርነት ብቻ፣ የመንግሥት በጀትም ብቻ እንዳይደለ፣ ሁለቱም ሲያልፉ በቦታው የሚቀር የብዙ ሰው እጅ መሆኑን የቺካጎው ቤት ከ80 ዓመት በላይ አስረድቷል።

ስለዚህ በማኅበርና በእድር፣ በዕቁብና በደቦ የኖረ አንባቢያችን ይህን ታሪክ ሲያነብ እንግዳ እንደማይሆንበት እናምናለን። መዋጮ ማለት ምን እንደ ሆነ ያውቃልና። ከእንግዲህ ወዲያ ማናቸውንም የጥበብ ሥራ ቆመን ስናደንቅ፣ «ምን ያምራል!» ካልን በኋላ «ነገ ወዴት ያድራል?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ካልተገኘ ግን ማድነቃችንን ትተን ኪሳችንን እንዳብስ።